ገጽ ስልሳ አንድ

ፖርት ሉዊ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ከዓሣ ተራው ጥግ፣
የአሥር ቀን ፈቃድ ይዤ፣ ልሻገር ወደ ሮድሪግ፣
አሮጌ መጽሐፍ ከምትሸጠው ከኤርሜሊን ሱቅ ገባሁ፤
«ለደሴቷ የጉዞ መሪ» አልኩ፣ «ደህናውን እሻለሁ።»
መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች፣
«መሪማ ሞልቷል፣ መንገድ የሚያውቅ ነው ያጣሁት» አለች፣
ከላይኛው መደርደሪያ ሦስት ጎትታ አቧራቸውን አራገፈች።

አንደኛው ዓይን ይስባል፣ ሽፋኑ ያበራል፤
ውሃው እንደ ጠርሙስ ነው፣ ዘንባባው ለባሕር እጅ ይነሣል፣
ባለቤታቸው የማይታይ ሁለት እግሮች
አሸዋው ላይ ተዘርግተዋል።
እጄ ወደ ኪሴ።
«ቆይ እንጂ!» አለች፤ «ባሕሩ እንደሆን አይሸሽህ፤
መጽሐፍ እንደ ሐብሐብ ነው፣
ሳታንኳኳ አትግዛ፣ ነጩ እንዳይደርስህ።»
«የቱ ጋ ነው የሚንኳኳው?»
«የተወለድኩበት ሰፈር ላይ። እዚያ ቢዋሽ አውቀዋለሁ።»

ገልጣ ገልጣ አገኘችው፤ በጣቷ እየተከተለች፣
እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ድምፅ አውጥታ አነበበች፦
«አንስ ሎሪዬ፤ የሰው እጅ ያልነካው ድንግል ዳርቻ።»
ዝም አለች፣ ለአፍታ ብቻ።
«እናቴ ሰባት ልጅ ወልዳበታለች፣
አጎቴ ጀልባ ሠርቶበታል፣ ፍየላችን ገደል ገብታበታለች፤
የኛስ እጅ የማን እጅ ነው?»
መጽሐፉን እንደ ድስት ከደነችው።

ሁለተኛው ወፍራም ነው፣ ከጡብ የማይተናነስ፤
ኮከብ የማይሰጠው የለም፣ ከአልጋ ጀምሮ እስከ ነፋስ።
ሰፈሯን በአንድ መስመር ጨርሷታል፦
«ጎሕ ሲቀድ ኦክቶፐስ የሚወጉ ሴቶች፤ ለፎቶ ይመቻል።»
«ለፎቶ!» ሳቀች፤ ሳቋ አልሞቀኝም።
«የሐምሌ ውሃ አጥንት ይሰብራል፣ ኮራሉ ለእግር አይራራም፤
የእናቴ ባርኔጣ ስንት አገር ዞሯል መሰለህ፣ በየሰው አልበም!
ስሟን የጠየቀ ግን የለም።»

እኔ የጉምሩክ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ ወረቀት ማመን ነው፤
ሳጥኑ ላይ «ሩዝ» ካለ፣ ሩዝ ነው ብዬ የምፈርመው።
ያን ጊዜ ግን ከንክኖኝ ቆምኩ፦
ስንቱን ሳጥን ሳላንኳኳ አሳለፍኩ?

ሦስተኛው ቀጭን፣ ጀርባው በፕላስተር የታከመ፣
ካርታው በእጅ የተሣለ፣ ሰሜኑ ወደ ግራ ያዘመመ።
ፎቶ የለው፣ ኮከብ የለው። ገጽ ስልሳ አንድ ግን እንዲህ ይላል፦
«ወደ አንስ ሎሪዬ የመጨረሻው አውቶቡስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይነሣል።
ካመለጠህ፣ ከገበያው ጀርባ ቢጫውን በር አንኳኳ፤
ባለ ጭነት መኪናው ደግ ነው፣ ወሬ ግን ይወዳል።
ኦክቶፐስ በተከለከለበት ወር፣ ቢሰጡህም አትብላ።
ከድንጋዩ ማዶ ያለውን ሰላጤ ስሙን አላውቅም፤
ሁለት ወንድማማቾች ጠየቅሁ፣ ሁለት ስም ነገሩኝ፣
ተኳርፈው ተለያዩ።»

ኤርሜሊን ጮኸች፦ «አባቴና አጎቴ!
በዚያ ስም የተነሣ እስኪሞቱ አልታረቁም!»
ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁም።
«ይህንን ያዝ» አለች፤
«'አላውቅም' ማለት ያውቃል፤ ከእሱ ጋር ቢጠፉም አያስቆጭ።»
ዋጋውን ከሌሎቹ በእጥፍ ጠራች።
ተከራከርኩ። ሳንቲም አልቀነሰች።

ማክሰኞ ተሳፈርኩ፤ ባሕሩ ሲንጠኝ አደረ።
ሐሙስ፣ ፖርት ማቱረን፣ ፌርማታው ላይ ቆምኩ፣ አሥር ሰዓት ሆነ፤
አውቶቡስ የለም፣ ዶሮ ብቻ።
ሎሚ የምትሸጥ ልጅ አየችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ሄደ» አለች፣
«ካቻምና ነው የተቀየረ።»
መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች፣ ከፀጉሯ እርሳስ መዘዘች፣
አሥሩን ሰርዛ ዘጠኝ ጻፈች፣
ትንሽ አሰበችና «ቢጫ» የሚለውንም ሰርዛ «ሰማያዊ» አለች፣
ሁለት ሎሚ ሸጠችልኝ፣ በጣቷ ወደ ገበያው ጀርባ ጠቆመች።

ሄድኩ። በሩን አገኘሁት።
ሐብሐብ እንደሚንኳኳ፣ ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ፣
አንኳኳሁት።